ከውስጥ የተንኳኳው የኋላ በር

ወላሂ ይሄ የሆነ ነገር ነው። ማንም አልነገረኝም፤ በራሴ ላይ ነው የደረሰው።

እዚህ ቻናል ላይ የምትለጥፉትን ሁሉ አነባለሁ። መቃብር ስር... ጫካ ውስጥ... እኩለ ሌሊት ላይ... ሁሌ ሌሊት! የእናንተ ጂን ቀን ቀን ይተኛል እንዴ?

የእኔ በጠራራ ፀሐይ ነው። አርብ ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ። ቡታጅራ፣ አጎቴ ጋራዥ ውስጥ።

መጀመሪያ ግን ማን እንደሆንኩ እወቁ።

ናጃህ እባላለሁ። ትምህርት ከሰባተኛ ክፍል ነው የተውኩት፤ ወይም እሱ ነው የተወኝ፣ ብቻ ተለያይተናል። የፊደል ስህተት ካገኛችሁ ዋጥ አድርጉት። በመኪና በር ግን ማንም አይስቅብኝም። እጄ ቀጭን ነው። ወንዶቹ ካቻቢቴ ማስገባት የሚያቅታቸው ቦታ የእኔ ክንድ እስከ ክርኔ ይገባል።

ከቡታጅራ እስከ ወልቂጤ፣ እኔ ነክቼው ያልተከፈተ የመኪና በር የለም።

ፍርሃት ደግሞ... እሱን እናቴ ስትወልደኝ ረስታዋለች። የሰፈራችን ውሻ እንኳ እኔ ሳልፍ መንገድ ይለቃል።

እንዲህ ነበር የማወራው። እስከዚያች አርብ።

መኪናዋ የመጣችው ከወልቂጤ ነው። ድሮ ነጭ ነበረች ይባላል። የእኔንና የአጎቴን ልጅ የዘይባን ዕድሜ ብትደምሩት የእሷን አይሞላም። የፋብሪካዋ ስም የነበረበት ቦታ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል።

የመኪናዋ ባለቤት እማማ አደይ ይባላሉ። ጥቁር የለበሱ፣ ቀጠን ያሉ እናት ናቸው። እየነዳ ያመጣቸው የወንድማቸው ልጅ አምሀ ነው።

ችግሩ የቀኝ የኋላ በር ነው። ከውጭ እጀታውን ብትስቡት አይከፈትም። ከውስጥም አይከፈትም። መስታወቱ ሦስት ጣት ያህል ወርዶ እዚያው ተቸክሏል።

"ወልቂጤ ያሉት ምን አሉ፣ እናቴ?" አላቸው አጎቴ ሙባሪክ።

"ቆርጠን እናውጣው አሉ። እኔ ደግሞ እንዲቆረጥ አልፈልግም። ባለቤቴ ሁሌ በዚህ በኩል ነበር የሚቀመጠው። በሩም እሱ ካረፈ ወዲህ ነው እንቢ ያለው።"

"ነፍስ ይማር። አይቆረጥም። ኢንሻአላህ ይከፈታል።"

"አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፣ ልጄ። ስትከፍተው እኔ ልኑር። እኔ ሳልኖር እንዳይከፈት።"

ለምን እንደሆነ አልተናገሩም። አጎቴም አልጠየቀም።

እኔ ግን ሳቄ መጣ። በር እኮ ነው! ሙሽራ ነው እንዴ፣ ሲወጣ ቤተሰብ የሚሰበሰበው?

ወዲያው የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ጀመረ። አርብ በዚያ ሰዓት የእኛ ጎዳና ልክ ማብሪያ ማጥፊያውን እንደነካችሁት ነው። መዶሻው ዝም... ብየዳው ዝም... ጎሚስታው ዝም። ሰው ሁሉ ለጁምዓ ይሄዳል።

አጎቴ እጁን በሳሙና ፈትጎ፣ ኮፍያውን አድርጎ መጣ። የመኪናዋን ቁልፍ ሰጠኝ።

"ናጃህ።"

"አቤት።"

"ሰው መጥቶ አንሷት ካለ አምሀን ጥሪና ስጪው። በሩን ግን እንዳትነኪ። ስመለስ አብረን እናየዋለን።"

"እሺ።"

"ምን አልኩ?"

"አትንኪ።"

"እሱ ቃል ከጆሮሽ ወደ እጅሽ ይውረድ!" ብሎኝ ሄደ።

አምሀ የጾም ምግብ ፍለጋ ወጣ። እማማ አደይ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤቱ ዳስ ስር ተቀመጡ። ፀሐዩ ስለከበዳቸው ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ነበር።

ጋራዡ ውስጥ እኔና ዘይባ ቀረን።

ዘይባ የአጎቴ ልጅ ናት። እኩያዬ ናት። እሷ ትማራለች። ያን ቀን ለአባቷ ምሳ ይዛ ነው የመጣችው። አስም አለባት። የታፈነ ቦታ አትችልም፤ ባጃጅ ውስጥ እንኳ መሀል አትቀመጥም፣ ዳር ካልሆነች ትወርዳለች።

እኔ ደግሞ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር ጭንቅላቴ ውስጥ።

አጎቴ ሲመለስ በሩ ወለል ብሎ ቢጠብቀውስ? ፊቱን ማየት ፈለግኩ።

ሽቦዬን አመጣሁ። ጫፉን እንደ መንጠቆ ቆልመም አደረግኩት። ሥራው ቀላል ነው። ሽቦውን በመስታወቱ ክፍተት ወደ በሩ ሆድ ትሰዳላችሁ፤ እጀታውን ከቁልፉ ምላስ ጋር የሚያያይዝ ዘንግ አለ፤ እሱን አጥምዳችሁ ትስባላችሁ።

ክንዴን መስታወቱ ላይ አስደገፍኩ።

መስታወቱ ቀዝቃዛ ነው።

በዚያ ፀሐይ ኮፈኑ ላይ እንቁላል ይጠበሳል። መስታወቱ ግን... ከጉድጓድ የወጣ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ነው የሚመስለው።

"ጥላ ነክቶት ይሆናል" አልኩ ለራሴ። ጥላ ግን አልነበረም።

ሽቦውን ሰደድኩ። ወረደ... ወረደ... የሆነ ነገር ያዘው።

ሳብኩ። አልመጣም።

እንደገና ሳብኩ። አሁን እሱም ሳበ።

ትንሽ ነው። ዓሣ አጥምዳችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ። ከዚያ ለቀቀው። ሽቦዬን አወጣሁት።

ቆልምሜው የነበረው ጫፍ ቀጥ ብሏል። ያውም ተጎትቶ አይደለም፤ በፒንሳ ተይዞ ነው የተቃና የሚመስለው።

"የመስታወቱ ሐዲድ ነው" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ለማን እንደሆነ አላውቅም።

እንደገና ቆልምሜ ሰደድኩት።

ቋ... ቋ።

"ዘይባ፣ አታንኳኪ! ሽቦው ይነቃነቅብኛል።"

"ምን አልሽ?"

ድምፅዋ የመጣው ከኋላዬ ነው።

ዞርኩ። ዘይባ የምሳ ዕቃውን ይዛ የጋራዡ በር ላይ ቆማለች። መኪናዋ ውስጥ ማንም የለም።

"አንቺ አይደለሽም ያንኳኳሽው?"

"እኔ ውጭ ነበርኩ፣ አሁን መግባቴ ነው። ቆርቆሮ ይሆናል፣ በፀሐይ ሲሞቅ ይንኳኳል።"

እውነቷን ነው። የጋራዡ ጣሪያም ቀትር ላይ ይንኳኳል። ልቤ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ቋ... ቋ።

አሁን ዘይባም ሰማች። ዓይን ለዓይን ተያየን። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ከሆንኩ አፌ አያርፍም። ወገቤን ይዤ፣ እንደ ቤት እመቤት፦

"ይግቡ! ይግቡ! ቤት ለእንግዳ!"

ዘይባ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

መንኳኳቱ ቆመ።

ወዲያው ነው የቆመው... የሰማ ሰው ይመስል።

"ነይ ግቢልኝ" አልኳት። "ከውስጥ እጀታውን ተጭነሽ ያዢልኝ፣ እኔ ከውጭ እስባለሁ። አንድ ላይ ካልሆነ አይሆንም።"

"አባዬ አትንኩ ብሏል።"

"እኔን ነው ያለኝ። አንቺን አላለም።"

"ያልከፈትኩት በር የለም ስትዪ አልነበር? ብቻሽን ክፈቺዋ!"

"ሦስት እጅ ይፈልጋል። አላህ ሁለት ነው የሰጠኝ።"

"ይሞቃል፣ ናጃህ... አስሜ ቢነሳስ?"

"የግራው በር ክፍት ነው። ክፍቱን እተወዋለሁ። አስም ነው አትበዪ፣ ፈሪ ነኝ በዪ!"

ይህችን ቃል ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይነደኛል።

ዘይባ የምሳ ዕቃውን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ሻርፗን አስተካክላ፣ በግራ በኩል ገባች። እስከ ቀኙ በር ድረስ ተንፏቀቀች። በክፍተቱ ዓይኖቿ ይታዩኛል።

"ናጃህ..."

"ምን?"

"የጉንፋን ቅባት ይሸታል።"

"አሮጌ መኪና ምን ሊሸት ፈለግሽ? ሽቶ?"

"ወንበሩ ደግሞ..."

"ምን ሆነ?"

"ወደ ጎን ያጋድላል። አጠገቤ ሰው የተቀመጠ ነው የሚመስለው።"

"ስፕሪንጉ ነው። እጀታውን ያዢ!"

ያዘች። እኔ ሽቦውን ሰደድኩ።

ያኔ ነው በመኪናዋ ውስጥ አሻግሬ የግራውን በር ያየሁት።

ወለል ብሎ የነበረው በር... ቀስ ብሎ... እየተዘጋ ነው።

ነፋስ የለም። መሬት ላይ የወደቀው ፌስታል እንኳ አልተነቃነቀም። በሩ ግን ይመጣል። ለገዛ መኪናው የሚሳሳ ሰው እንደሚዘጋው፣ ሳያጋጭ... ጠቅ።

ከዚያ ጉጦቹ ወረዱ።

ከመስኮት ስር ብቅ የምትለዋን ጉጥ ታውቋታላችሁ፤ ስትጫኗት በሩ ይቆለፋል። አራቱም ናቸው የወረዱት። አንድ ላይ።

ይሄን ነገር መኪና የማያውቅ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን አውቃለሁ። አራቱን በአንዴ የሚቆልፍ አዲስ መኪና ነው፤ ሽቦና ሞተር አለው። እሷ ግን እያንዳንዱን በር በእጅ ካልተጫናችሁት አይቆለፍም።

አራት በር ነው። በአንዴ።

"ናጃህ፣ አትቀልጂ።"

"እኔ አይደለሁም" አልኩ።

"ክፈቺ!"

"ጉጡን ሳቢው..."

ሳበችው። ወጣ። እጇን ስታነሳ ተመልሶ ወረደ። እንደገና ሳበችው። እንደገና ወረደ። ትንፋሿ ማፏጨት ጀመረ። ያንን ፉጨት አውቀዋለሁ። አንድ ክፍል ነው የምንተኛው፤ ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው።

"ናጃህ... አየር... ክፈቺልኝ..."

ሁለት መዳፎቿን መስታወቱ ላይ ለጠፈች። አስሩም ጣቶቿ ይታዩኛል። አይነቃነቁም።

ቋ... ቋ።

ከሷ አጠገብ።

አንድ ሰው አሳለ። የሽማግሌ ሳል ነው። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ በትህትና፣ ሚኒባስ ውስጥ እንዳለ ተሳፋሪ፦

"ወራጅ አለ።"

ሮጥኩ።

ስለ ሩጫው ብዙ አልናገርም። ሻይ ቤቱን አለፍኩት። የእማማ አደይን ጀርባ አየሁ፤ እሳቸውን እንኳ አልጠራሁም። ጫማዬ ቦይ ውስጥ ቀረ። ሻርፔ የት እንደወደቀ አላውቅም። እግሬ እኔን ይዞ ሄደ እንጂ እኔ እግሬን አላዘዝኩትም... ብል ደስ ይለኝ ነበር። ውሸት ነው። እኔ ነኝ የሮጥኩት።

መስጊዱ ጋ ደረስኩ። ሰው ሞልቶ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰልፏል። ሁሉም ሱጁድ ላይ ናቸው፤ ግንባራቸው መሬት ነው። ከጀርባ አጎቴን ከማን ልለየው? ሁሉም አንድ ዓይነት ጀርባ ነው።

አፌን ከፈትኩ። "ሰው ታፈነ! ድረሱ!" ልል ነበር።

ምንም አልወጣም።

ያ አፍ! ጎሚስታውን፣ ባጃጅ ነጂውን፣ አስተማሪ ሳይቀር የሚሳደበው አፌ... ባዶ ሆነ። ባዶ እግሬን፣ ፀጉሬን ገልጬ ከሰጋጁ ሁሉ ኋላ ተገትሬ ቀረሁ።

መዳፌን የሆነ ነገር ወጋኝ።

አየሁት።

ቁልፍ ነው።

የመኪናዋ ቁልፍ። አጎቴ የሰጠኝ። ከመጀመሪያ ጀምሮ እጄ ውስጥ ነበር፤ በጣም ጨብጬው ጥርሱ መዳፌ ላይ ታትሟል። የሹፌሩን በር ከፍቼ ዘይባን መሳብ እችል ነበር። ሽቦ አያስፈልግም፣ ጥበብ አያስፈልግም። ሕፃን ልጅ የሚያደርገው ነው።

እኔ ቁልፍ ይዤ ከበር የሸሸሁ ነኝ።

ተመለስኩ። መጀመሪያ መራመድ ብቻ ነበር የቻልኩት። ከዚያ ያ ፉጨቷ ጆሮዬ ላይ መጣ፣ ሮጥኩ።

እማማ አደይ የሩጫዬን ድምፅ ሰምተው ነው መሰለኝ መኪናዋ ጋ ደርሰዋል። ጃንጥላቸው መሬት ላይ ወድቋል። የሹፌሩን በር እጀታ በሁለት እጃቸው ይጎትታሉ።

"ልጅቷን ማን ነው የዘጋባት?"

"ቁልፉ... ቁልፉ እኔ ጋ ነው።"

አዩኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቁልፉን ከተትኩት። ገባ። አይዞርም። በግራ አዞርኩት፣ በቀኝ አዞርኩት። ድንጋይ ውስጥ የከተትኩት ነው የሚመስለው። ዘይባ ከውስጥ አትታይም። መስታወቱ ሁሉ በትንፋሽ ተሸፍኗል። ፉጨቱም አይሰማም።

አለመሰማቱ ነው የገደለኝ።

"ዘይባ! ዘይባ!"

እማማ አደይ እጃቸውን እጄ ላይ አደረጉ።

"ቆይ። እንዳትሰብሪው። ምን ሆነ? ቶሎ ንገሪኝ።"

"ተንኳኳ።"

"ከየት?"

"ከውስጥ። ሰው ሳይኖር።"

ፊታቸው ተለወጠ። የፈሩ አይመስሉም... የቸኮሉ ነው የሚመስሉት።

"አንቺስ ምን አልሽው?"

"እኔ... ቀልዴን ነው እማማ... 'ይግቡ' አልኩ።"

"ይግቡ?"

"አዎ። እንግዳ ሲያንኳኳ..."

"ከመኪና ውስጥ የሚያንኳኳ እንግዳ ነው እንዴ፣ አንቺ ልጅ? ወራጅ እኮ ነው! ውረዱ አይባልም? ሰውዬው ሰው ገብቶ ገና ልንሄድ መስሎት በሩን ዘጋ!"

እዚህ ላይ ብትስቁ አልቀየማችሁም። ያኔ ግን ማንም አልሳቀም።

እማማ አደይ ዞረው ወደ ቀኙ የኋላ በር ሄዱ። እየተናገሩ ነው የሄዱት። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም።

"ወደ ሐኪም ስንወስደው መንገድ ላይ ነው ያረፈው። እዚህችው ወንበር ላይ። በሩን ያንኳኳ ነበር። 'ደረስን ወይ?' ይለኛል። 'ገና ነው፣ ገሠሠ፣ ዝም በል' አልኩት። ዝም አለ።"

ጣታቸውን አጥፈው መስታወቱን ሁለቴ መቱ። አፋቸውን ወደ ክፍተቱ አስጠጉ።

"ገሤ።"

ዝም።

"ገሤ፣ እኔ ነኝ። ደርሰናል። ውረድ። ልጅቷንም አውርዳት፣ የሰው ልጅ ናት።"

ከመስጊዱ "አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ" የሚለው በማጉያው ተሰማ። ሶላቱ አለቀ።

የቀኝ የኋላ በር ጉጥ ብቅ አለች።

ቀስ እያለች... አንድ ሰው በሁለት ጣት የሚያነሳት ትመስላለች... ጠቅ።

በሩ ተከፈተ። ወልቂጤ ያሉት ካልተቆረጠ አይከፈትም ያሉት በር ነው። ሲጢጥ እንኳ አላለም።

ዘይባ ወጣች።

ላብ የለባትም። በዚያ ፀሐይ፣ ተዘግቶባት፣ አንድ ጠብታ ላብ የለም። አቀፍኳት። ቀዝቃዛ ናት፤ ሻርፗ ሣር ላይ ያደረ ጨርቅ ይመስል ረጥቧል። ትንፋሿም አያፏጭም።

እኔ አቀፍኳት። እሷ አላቀፈችኝም።

"ውስጥ ሰውዬ ነበር?" አሏት እማማ አደይ በሹክሹክታ።

"ነበር።"

"አሳለ?"

"አሳለ። ሲያስል ፊቱን ወደዚያ ያዞራል፣ እኔ ላይ እንዳይሆን።"

እማማ አደይ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። እየሳቁ ነው። እንባቸውም ይወርዳል።

አጎቴ መጣ። ክፍቱን በር አየ። እኔን አየኝ። ባዶ እግሬን አየ።

"ማን ከፈተው?"

ስንት ጊዜ ያለምኩት ጥያቄ ነበር! አሁን ግን መሬት መሬት አየሁ።

"ተከፈተ፣ ልጄ" አሉት እማማ አደይ። "እኔም ነበርኩ።"

አጎቴ ተንበርክኮ የቁልፉን ምላስ አየው። በጣቱ ነካው፣ በካቻቢቴ ገፋው፣ በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረገው። አልተነቃነቀም። ዝገቱ አንድ ላይ አጣብቆት እንዳለ ነው።

"ይሄ በር እኮ አይከፈትም" አለ። ክፍቱን በር በእጁ ይዞ ነው እንዲህ ያለው።

ወደ ልጁ ዞረ።

"ዘይባ፣ አንቺስ? ፊትሽ ምን ሆነ?"

ዘይባ እኔን አየችኝ። ረጅም አየችኝ። አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። ከዚህ ጋራዥ ተጎትቼ የምወጣበት የመጨረሻ ቀኔ ነው ብዬ ነበር።

"ምንም አልሆንኩም፣ አባዬ። ምሳህ ይቀዘቅዛል" አለችው።

ከስድብ ሁሉ የሚያንገበግብ ነገር ካለ ይሄ ነው።

አጎቴ ዝገቱን በነዳጅ አጠበ፣ ግሪስ ቀባው፣ ከብዙ ትግል በኋላ ምላሱ መጫወት ጀመረ። አምሀ ጥርሱን እየፋቀ መጣ፤ ምንም አልነገርነውም። እማማ አደይ ጋቢና ገቡ። የኋላው ወንበር ባዶ ነው። አይቼዋለሁ። ሁለቴ አጎንብሼ አይቼዋለሁ፤ ባዶ ነው።

መኪናዋ ተነሳች። እኔና ዘይባ የጋራዡ በር ላይ ቆመናል። መንገዱ ላይ ስትወጣ አቧራው ተነሳ።

ያኔ ያ ተቸክሎ የነበረው መስታወት... የቀኙ የኋላ...

ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

ቀስ እያለ። ቆም ይላል፣ ይወጣል። ቆም ይላል፣ ይወጣል። ማንሻውን በእጁ የሚያዞር፣ አቧራ የሚያስለው ሰው እንደሚዘጋው። እስከ ጫፍ ድረስ ዘጋው። ወንበሩ ላይ ማንም የለም። መኪናዋም በወልቂጤ መንገድ ታጠፈች።

የዘይባን ክንድ ጨመደድኩት።

"አየሽ?" አልኳት በሹክሹክታ። "አየሽ? አልወረደም! አሁንም አለ! ዘይባ፣ ያ ሰውዬ ሊገድልሽ ነበር እኮ! እኔ ሮጬ ሰው ልጠራ ባልሄድ..."

ዘይባ እጄን ከክንዷ ላይ አንድ ጣት፣ አንድ ጣት እያለች አነሳችው።

"እሱ እጄን ይዞ 'አይዞሽ' እያለኝ ነበር" አለችኝ። "አንቺ ነሽ ቁልፉን ይዘሽ የሮጥሽው።"